መንገዱ የጠጣው የብሎኬቱ ውኃ

ለክቡር ኢንጂነር ተሻለ
የቆላ ቀሊል ቤቶች ፕሮጀክት ዋና አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ደምዎ፣ ስኳርዎ፣ ወገብዎ እንዴት ነው? ልጆች ደኅና ናቸው? ግድግዳዎስ እንዴት ነው? አላህ የሚያድሩበትን ቤት ያጽናልዎ፣ ጀርባዎን የሚያስደግፉበትን ሁሉ የማይከዳ ያድርግልዎ። ይህን ምርቃት ለአፌ ያህል አይደለም የምለው፤ ግድግዳ የከዳው ሰው ለሌላው ግድግዳ ሲመርቅ ከአንጀቱ ነው።

እኔ አብዱልመሊክ ሙሀሲን እባላለሁ፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ክቡርነትዎ ቤት ሠርተው ባስረከቡን መንደር የምኖር የማሾ ነጋዴ ነኝ። በስም ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ የአገር ጉዳይ የተሸከመ ሰው የአንድ ማሾ ነጋዴን ስም ይሸከም ማለትም ነውር ነው። በምረቃው ዕለት ቁልፍ ሲያስረክቡ አብረውን ፎቶ የተነሱት ባልና ሚስት ግን እኛ ነን። ነጭ ሻርፕ ያደረገችውና ጥርሷ የሚታየው ባለቤቴ ፈይዛ ናት፤ ከጎኗ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የቆመው እኔ ነኝ። ፎቶው ዛሬም በቢሮዎ ኮሪደር ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። ፈይዛ ከሞተችም በኋላ ከግድግዳዎ ላይ ስላላወረዷት ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ስለ ሕዝብ ደኅንነት የሚደረግን ስብሰባ በአንዲት የሞተች ሴት ጉዳይ ማቋረጥ ደግሞ አሳፈረኝ። ጸሐፊዎ አቤቱታ በቁጥር ተከፋፍሎ ሲቀርብ ደስ ይልዎታል ብላ ስለመከረችኝም በቁጥር አድርጌዋለሁ። ሐዘኔን በቁጥር አስቀምጬ ስለማላውቅ አንዳንዱ ቦታ ቢዛነፍብኝ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፤ አሮጌ ቤቴን እንዳፈርስ ስለረዱኝ አመሰግናለሁ። አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነበር፤ ማገሩ ጠማማ፣ ምርጊቱ በየዓመቱ እድሳት የሚፈልግ፣ በትከሻ ገፋ ቢያደርጉት ወዝወዝ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለስ። አዲሱን ቤት የሚያገኝ ሰው አሮጌውን ያፍርስ የሚለውን ደንብ ባለሙያዎችዎ መጥተው በትሕትና ሲያስረዱን፣ ጭቃ ቤት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፣ እንግዳ ሲመጣም ያሳፍራል አሉን። የይፋት ሰው ደግሞ እንግዳ ፊት ታፍራለህ ከተባለ የማያፈርሰው ነገር የለም፤ አፈረስኩት። ጎረቤቴ ጋሽ ዘውዴ ግን ግትር ሰው ናቸው፤ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው ብለው እምቢ አሉ፤ ከአዲስ ቤት ተቀባዮችም ተሰረዙ። ምድር በተነቃነቀች ዕለት ያረጀው ግድግዳቸው ተሰንጥቆ፣ ምርጊቱ እዚህም እዚያም ረግፎ፣ ማገሩ ግን እንደ ቆመ ቀረ። ጋሽ ዘውዴ ዛሬም እዚያው ቤት ውስጥ ከነኋላ ቀርነታቸው በሕይወት አሉ።

ሁለተኛ፤ ስለ ብሎኬቱ የሰጡንን ትምህርት አልረሳሁም። ከፋብሪካ ምድጃ የሚወጣው፣ የትም ሲደፋ የኖረው አመድ ከሲሚንቶ ጋር ሲቦካ ቀላል፣ ጠንካራና ሙቀት የማያስገባ ብሎኬት ይወጣዋል አሉን። አመዱን የጫኑት መኪኖች የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደው መንደራችን ሲደርሱ ሙሽራ እንደመጣ እልል ብለን ነው የተቀበልናቸው። ብሎኬቱን የሚመቱት የመንደሩ ሴቶች ይሁኑ ስላሉም ፈይዛ ከመጀመሪያዎቹ ተመዘገበች። ማታ ማታ ቅንድቧ ሳይቀር አመድ ለብሶ ትመጣና፣ ዛሬ የጓዳችንን ግድግዳ መትቼ መጣሁ ትለኝ ነበር። የትኛው ብሎኬት የትኛው ቤት እንደሚገባ ማንም አያውቅም፤ እሷ ግን የመታችው ሁሉ የራሷ ጓዳ ግድግዳ ይመስላት ነበር፤ የሰው ጓዳ ላይ የሚገባውንም እንደ ራሷ አድርጋ ነው የመታችው።

በምረቃው ዕለትም ከመኪናዎ የኋላ ኮፈን በካርቶን የተጠቀለለ ብሎኬት አስወርደው፣ በሁለት ድንጋዮች ላይ አጋድመው፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማዎ ወጥተው ቆሙበት። አልተሰበረም፤ አጨበጨብን። ከዚያም ክቡርነትዎ ቀላል ስለሆነ አይበለውና ቢወድቅ እንኳ ሰው አይጎዳም ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ፈይዛም ከልቧ ሳቀች። ያ ፎቶ የተነሳው ያኔ ነው።

ሐቁ ይነገር ከተባለ ብሎኬቱ በአንድ ነገር ቃሉን ጠብቋል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። የሮቢትን ሙቀት በመኪና መስኮትም ቢሆን ያውቁታል። እኛ ቆላዎች በቀትር ቆርቆሮ ሥር አንቀመጥም፤ ሰሌናችንን ይዘን ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ ስንዞር ነው የምንውለው። አዲሱ ቤት ከገባን ወዲህ ግን ፈይዛ ዙህር ሰግዳ ስታበቃ ሰሌኗን ከጓዳው ግድግዳ ሥር ዘርግታ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ መቀመጥ ለመደች። ና ንካው እስቲ፣ የእንስራ ውኃ ነው እኮ የሚመስለው ትለኝ ነበር። እኔ ሥራ አለብኝ እያልኩ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ጥላ ስትፈልግ የኖረች ሴት በመጨረሻ የራሷ ጥላ አገኘች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ውኃው። ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ውኃ ይጠጡ።

ፕሮጀክትዎ በመንደራችን መድቧት የነበረች ወይዘሪት ጸደንያ የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች፤ ከደጋ የመጣች፣ ሙቀቱ ያጠቆራት፣ እኛን ለማስረዳት የማይሰለቻት ልጅ። አመድ የገባበት ብሎኬት ቶሎ አይጠነክርም ትለን ነበር፤ ጉልበት የሚያገኘው ቀስ እያለ ነው፤ ጥላ ሥር ሆኖ፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ፣ ለሳምንታት ውኃ መጠጣት አለበት፤ ያለጊዜው ፀሐይ ከመታው ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ አልያዘም፤ እንዲህ የሆነ ብሎኬት ደግሞ ኋላ ቢያለቅሱለትም አይድንም አለችን። ለዚሁ ተብሎ ቦቴ መኪና ውኃ ታመጣልን ነበር። ለመጠጥ የሌለን ውኃ ለብሎኬት ሲመጣ ማንም አላጉረመረመም፤ ሴቶቹ በጀሪካን እየቀዱ እንደ አራስ ነበር የሚንከባከቡት።

ከዚያ ከምረቃው በፊት ክቡርነትዎ ሥራውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ተሰማ። አቧራው ልብስዎን እንዳይነካ መንገዱ ይርጠብ፤ ፎቶ ሲነሳም ብሎኬቱ በደንብ እንዲታይ ያ የቆሸሸ ጆንያ ይነሳ የሚል ትእዛዝ በስልክ ከቢሮዎ መጣ። ትእዛዝ ባይመጣም እናደርገው ነበር። እንግዳ አቧራ ለብሶ ከገባ እኛ ዘንድ ነውሩ የባለቤቱ ነው፤ አባቶቻችን እንኳን ለባለሥልጣን ለመንገደኛም ደጅ አርከፍክፈው ነው የሚቀበሉት። ጆንያው ተነሳ፤ የብሎኬቱ ውኃ መንገድ ላይ ተደፋ። ካርከፈከፉት ሴቶች አንዷ ፈይዛ ነበረች፤ ጫማቸው አንድ ጉድፍ እንዳይነካው እያለች እየሳቀች። የዚያን ቀን አልመጡም፤ ስብሰባ ነበረብዎ። በማግስቱ ይመጣሉ ተባለ፤ መንገዱ ደረቀ፣ እንደገና አርከፈከፍን። እንዲያ እንዲያ እያለ መምጣትዎ በተራዘመ ቁጥር መንገዱ ጠጣ፤ ብሎኬቱ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሰነበተ። ጸደንያ ጆንያው ይመለስ፣ ምረቃውም ጥቂት ሳምንት ይገፋ ብላ ለቢሮዎ አመለከተች፤ የተጠሩ እንግዶች አሉ፣ ቀኑ አይገፋም የሚል መልስ መጣላት። ግድግዳው በዚያው ብሎኬት ተደረደረ፤ ላዩ ተለሰነ፤ ቀለም ተቀባ፤ አማረ።

ለጥንካሬ ፈተና የቀረቡት ብሎኬቶች ግን ከእኛዎቹ ጋር ምንም ዝምድና እንዳልነበራቸው የሰማነው ኋላ ነው። እነዚያ በዋናው መሥሪያ ቤትዎ፣ በጥላ ውስጥ፣ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተኝተው ያደጉ ነበሩ። በከፍተኛ ውጤት አለፉ አሉ፤ እንኳን ደስ ያላቸው። የእኛዎቹ ለፈተና አልተቀመጡም። ስለዚህ አመዱን አልወቅስም፤ ብሎኬትነትንም አልወቅስም፤ ጊዜውንና ውኃውን ቢያገኝ ኖሮ ጸደንያ እንዳለችው ልጅ የልጅ ልጅ የሚያሳድግ ግድግዳ ይወጣው ነበር። እሷንም ወዲያው ለእድገት ተብሎ ወደ ሩቅ ቦታ አዛወሯት፤ ለሠራተኞችዎ የሚያስቡ ሰው መሆንዎን ያየሁት በዚህ ነው።

አራተኛ፤ ይህን ቁጥር ሆድ ይፍጀው ብዬ ባዶ ልተወው ነበር። ሪሀና፣ ልጄ፣ አባ ይህን ካልጻፍክ ሌላውን ለምን ጻፍከው አለችኝ።

ቀትር ነበር። ሱቄ ውስጥ ማሾ እየመዘንኩ ሳለ ምድር ወዝወዝ አለች። ትንሽ ናት፤ መደርደሪያ ላይ የነበረው ብርጭቆ እንኳ አልወደቀም፤ ያስመዘነኝ ገበሬ ሚዛኑ የተነቃነቀ መስሎት ድጋሚ መዝን አለኝ። ሳቅን ወላሂ፤ እሷ ስትሞት እኔ እየሳቅሁ ነበር። ጩኸት ስሰማ ሮጥኩ። ጣሪያው እንዳለ ነው፤ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ቆሟል፤ የጓዳው ግን የለም።

ጋሽ ዘውዴና ጎረቤቶች ቀድመውኝ ነበር፤ አብረን እየፈለፈልን ከላይዋ አነሳንላት። ክቡር ሆይ፣ ለእውነት ልመስክርልዎ፤ ብሎኬቱ በእርግጥም ቀላል ነው። በአንድ እጅ ይነሳል። አንዳንዱማ እጃችን ላይ ዱቄት ሆኖ ቀረ። አንዱ ብቻ ቢሆን እውነትዎን ነው፣ ሰው አይጎዳም፤ ሁሉም ባንዴ ሲመጣ ግን ፈይዛ አልቻለችውም። ሰሌኑ ከሥሯ እንደተዘረጋ ነበር። ጀርባዋ እንደተደገፈ ነው ያገኘናት።

እናቷን ያጠበችው ሪሀና ናት፤ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና፣ አንቺ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላ። አመዱ ከእማዬ ጸጉር አልወጣ አለኝ ብላ አለቀሰች፤ ደጋግማ ብታጥበውም ጥቂቱ አብሯት ሄደ። በቀብሩ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠራት የፕሮጀክትዎ ቦቴ ውኃ ሞልታ መጣች። አፈሩ ላይ እንደ ደንባችን ውኃ ስናፈስ አልቸገረንም፤ ተርፎንም ለቀስተኛው እጁን ታጠበ። በሕይወት ሳለች ያላገኘነው ውኃ እንዲህ በጊዜው ስለደረሰልን አላህ ይስጥልን። ይህን ጽፌ እዚህ ላይ ብዕሬን ጥዬ ወጥቼ ነበር፤ ተመልሼ ነው የቀጠልኩት።

አምስተኛ፤ ለሐዘን የላኳቸው ሰዎች በድንኳኑ ተገኝተው ያጽናኑኝ ማጽናኛ ልቤን ነክቶታል። የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ከፈጣሪ የመጣ ነው፣ እናንተ ደግሞ በቀደር ታምናላችሁ አሉኝ። መሐንዲሶች ባንድ ጊዜ ሼህ ሲሆኑ ሳይ ገረመኝ። አዎን፣ በቀደር አምናለሁ፤ ምድርን የሚያነቃንቃት አላህ ነው። ምድር በእኔም፣ በጋሽ ዘውዴም፣ በእርስዎ ቢሮም እኩል ነው የተነቃነቀችው። ጆንያውን ያነሳው ግን አላህ አይደለም፤ እሱን በስልክ የታዘዝነው ከቢሮዎ ነው። ከዚያ ወዲያ መርማሪ ኮሚቴ መጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፤ ፍርስራሹን ፎቶ አንስቶ ምሳውን ጀውሃ በልቶ ተመለሰ። በመጨረሻም ቢሮዎ ለወደቀው ግድግዳ ምትክ እንዲሆነኝ ከዚያው ክምር፣ ያው ፀሐይ ላይ ከተሰጣው ብሎኬት፣ እንድወስድ ፈቀደልኝ። የሚስቱን ገዳይ ከነወንድሞቹ ቤትህ አስገባ የተባለ ሰው ምን ይመልሳል? አመስግኜ አልወሰድኩም።

አለመውሰዴ ነው ዛሬ ይህን የሚያጽፈኝ። ስድስተኛና የመጨረሻዬ ይኸው ነው፤ እስከ አሁን ያለው ሁሉ ቢጠፋብዎ ይህቺን ብቻ ያንብቡልኝ።

እኔ ያልወሰድኩት ክምር ለበጎ ሥራ ተመድቧል አሉ። ከሩቅ መንደር የሚመጡ እርጉዞች ምጣቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት ክፍል በመንደራችን ሊሠራበት ነው። መሠረቱ ወጥቷል፤ ብሎኬቱ ከጎኑ ተደርድሯል፤ ዘንድሮም ጆንያ አልለበሰም። ዓላማው የተቀደሰ ነው፤ እናቶች በመንገድ እንዳይወልዱ ነው። ሪሀና ከባሏ ጋር የምትኖረው ከካራቆሬ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ መኪና አይደርስበትም፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ደሟም ከፍ ይላል ስለተባለ በክፍሉ አልጋ ከሚያገኙት ጋር ተመዝግባለች። ሐኪሞቹ የግድ መጥታ ትተኛ ይላሉ። ሐኪሞቹ ልክ ናቸው። ቤት እንዳትቀር ምጡ ይገድላታል፤ እንዳትመጣ ግድግዳው። ምን ይዋጠኝ? እናቷን ግድግዳ እንደተደገፈች ያጣሁ ሰው ልጄን ያው ግድግዳ ሥር ተኝተሽ ጠብቂ ልበላት?

ቀትር ላይ በዚያ ክፍል የሚተኙ ሴቶች የሚያደርጉትን አውቀዋለሁ። ሆዳቸው ከብዷቸው፣ ሙቀቱ አቃጥሏቸው፣ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ፈልገው ጀርባቸውን ያስደግፋሉ። ሁሉም ፈይዛ ያደረገችውን ያደርጋሉ።

ስለዚህ ትልቅ ነገር አልለምንም። ተጠያቂ ይኑር አላልኩም፤ ፈይዛን መልሱልኝም አላልኩም። ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ከዚያ ክምር፣ ከመኪና ኮፈን ሳይሆን ከዚያ ክምር፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በእጃቸው የመረጧቸውን ብሎኬቶች ወደ መፈተኛው ማሽን ይውሰዱልንና ፊታችን ይጨመቁ። ከቻሉ ይሠራባቸው፤ እኔ ራሴ ተሸክሜ አቀብላለሁ። ካልቻሉ ጥርጊያ መንገድ ይሞላባቸው፤ አዲስ ይመታ፤ ውኃውን ይጠጣ፤ ጊዜው ይሰጠው። የመንደሩ ሴቶች ሊመቱት ዝግጁ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ፈይዛ ባትኖርም።

በትሕትና ሲለመን የማይሰማ ጆሮ እንዳልተሰጠዎ በማመን፣ ለክብርዎ ያለኝ አክብሮት ከቤቴ ግድግዳ ይልቅ የጸና መሆኑን እያረጋገጥሁ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ እርጥብ መንገድና አቧራ ያልነካው ጫማ እየተመኘሁልዎ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

በምረቃው ፎቶ ላይ በስተቀኝ የቆመው፣
አብዱልመሊክ ሙሀሲን
የፈይዛ ባል፣ የሪሀና አባት

ማሳሰቢያ፦ ብሎኬቱን ማስፈተን የማይመች ከሆነ ሌላ ቀላል ፈተና አለኝ። ክፍሉ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ እርጉዞቹ ከመግባታቸው በፊት፣ አንድ ቀን ብቻ በቀትር ይምጡና ከግድግዳው ሥር ጀርባዎን አስደግፈው ያንቀላፉልን። ሰሌን ይዘው መምጣት የለብዎትም፤ የፈይዛን አጥበን አስቀምጠንልዎታል። መንገዱን ግን ዘንድሮ አናርከፈክፍም፤ አቧራውን እንደምንም ይቻሉልን፤ ውኃው የብሎኬቱ ነው።